የኦሃዮ ስቴት የመከላከል ግንባር፦ ያሳደጉት ልጅ ወይስ የዝውውር ተጫዋች?

ኦሃዮ ስቴት በ2024 የውድድር ዘመን የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ሻምፒዮን ሲሆን ከመከላከሉ ፊት የተሰለፉት አራቱም ቋሚዎች በ2025 ወደ ኤንኤፍኤል፣ ማለትም ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ ሄዱ። ሶየር፣ ቱይሞሎአው፣ ዊሊያምስ፣ ሃሚልተን። ለጸደይ የተፈቀደው ልምምድ 15 ብቻ ነበር። ክፍተቱ በማን ይሞላ ነበር?

ከተጠባባቂ ወንበር፦ እንደ ኬይደን ማክዶናልድ ያለው ልጅ የመከላከል ግንባሩን አሰልጣኝ የላሪ ጆንሰንን አሠራር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ስጋቱ ያለው መሀል ላይ ነው። እዚያ ሁለት ግዙፍ የአጥቂ ግንባር ተጫዋቾች አንድ ላይ ይገፉሃል። ዝቅ ብለህ እግርህን ካልተከልክ የሩጫው መንገድ ወለል ብሎ ይከፈታል። ይህን በአራተኛው ሩብ፣ ደክሞህም መድገም አለብህ። በልምምድ ብቻ አይታወቅም።

ከዝውውር፦ ከኖርዝ ካሮላይና የመጣው ቦ አትኪንሰን ኳርተርባክ (ኳስ የሚወረውረውን የአጥቂ መሪ) ማሳደድ እንደሚችል በጨዋታ አሳይቷል። ግን አዲስ የጨዋታ ጥሪ፣ አዲስ ጓደኛ ይጠብቀው ነበር። ዝውውር ገንዘብም ይጠይቃል። ወንበር ላይ የታገሠውም ልጅ ቅር ብሎት ሊለቅ ይችላል።

ለእኔ መሀሉን ያሳደጉት ልጆች ቢይዙት ይሻላል፤ መናበብ ይፈልጋልና። ለግንባሩ ጠርዝ፣ በተለይ አጥቂው ካሉት አራት ሙከራዎች በሦስተኛው ረጅም ያርድ ሲቀረው፣ ዝውውሩ ያዋጣል። ተጠባባቂ የሌለው ቡድን ግን ምርጫ የለውም፤ ገበያ መውጣት አለበት።