ሆስፒታል ያለው «ዋን ስቶፕ»፦ ክፍሉና በሩ

ባሕር ዳር ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ የእህቴን ልጅ ይዤ «ዋን ስቶፕ» ወደሚሉት፣ የተደፈሩ ሰዎች ሕክምናውንም የሕጉንም እርዳታ አንድ ቦታ ወደሚያገኙበት ክፍል ሄጄ ነበር። ሆስፒታሉን አልጠራም። ይህን የምጽፈው እሷው «እትዬ፣ ጻፊው፤ ሌላዋ እንዳትፈራ» ስላለችኝ ነው።

መጀመሪያ ክፉውን ልናገርና ይውጣልኝ። ጥበቃው ባጃጅ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ «ለምን ነው የመጣችሁት?» አለን። «ማህፀን ሐኪም» ብዬ አለፍኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ደግሞ በመስኮቱ «የተደፈረችው የቷ ናት?» ብላ ጮኸች። ልጅቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ምን አለ ዝም ብለው ቢያሳልፉን?

ውስጡ ግን አንጀት ያርሳል። ሐኪም፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና የሥነ ልቦና አማካሪ እዚያው ናቸው። ልጅቷ የደረሰባትን ከቢሮ ቢሮ እየዞረች አልደገመችም። ሲስተሯ በሩን ዘጋችና «የኔ ቆንጆ፣ አክስትሽ ትቆይ ወይስ ትውጣ?» አለቻት። «ትውጣ» አለች። ትንሽ ከፋኝ፤ ሲስተሯ ግን ልክ ናት። ፖሊሷ ሲቪል ለብሳለች። ለምን አመሸሽ፣ ምን ለብሰሽ ነበር የሚል ጥያቄ አልተነሳም።

መድኃኒቱ በነፃ ነው። የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ለ28 ቀን ይዋጣል። የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ ሁለቱም በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ስለዚህ ከዘጌ የምትመጡ የጠዋቱን ጀልባ አትጠብቁ፣ በመኪና ድረሱ። ከምርመራው በፊት ገላ አለመታጠብ ነው። ልብሱንም በወረቀት ከረጢት ያዙ፤ ላስቲክ እርጥበት ይይዝና ማስረጃውን ያበላሸዋል። ታጥባ ከሆነም ግን ከመሄድ አትቅር። ከተፀነሰ ደግሞ ሕጉ ማቋረጥ ይፈቅዳል፤ በመደፈር መሆኑን ለማስረዳት የራሷ ቃል ይበቃል።

ከዘመድ «ገበናችን አይውጣ» ብለው ሽማግሌ የላኩም ነበሩ። ዐቃቤ ሕጓ ወንድሜን በስልክ «ይሄ በእርቅ የሚዘጋ አይደለም፤ ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው» አለችው። ሽማግሌዎቹ ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ከአምስት ለክፍሉ አራት ተኩል፣ ለበሩ አንድ። ግማሿን የቀነስኩት አማካሪዋ ቅዳሜና እሁድ ስለማትገባ ነው። ልጅቷን ቅዳሜ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳት የማነጋግረው አጣሁ። ተረኛ ይመድቡ። ለጥበቃውና ለካርድ ክፍሏም አንድ ሰው ይንገራቸው፤ «ሲስተር ጋ ነን» ስንል ይበቃል።