ስቲከሯን ሳታዩ ካቻቪቴ እንዳታነሱ

ከጥቁር ውሃ እስከ ቤቴ ሞተር ሳይክሌን እየገፋሁ ነው የመጣሁት። የሀዋሳን የቀትር ፀሐይ ታውቁታላችሁ። የሚያልፈው ባጃጅ ሁሉ «ቤንዚን አለቀብህ እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል። የቤንዚን ሰልፍ አንገሽግሾኝ የኤሌክትሪክ መግዛቴን የት ያውቃል!

የገዛሁት እዚሁ ከተማ ካለ ሱቅ ነው፣ በ185 ሺህ ብር። ስሙን አልጠራም። ከዚያ ወዲህ የሌሎች ሁለት ሱቆችን የዋስትና ወረቀት አይቻለሁ፤ ከኔው ብዙም አይለይም። ሻጩ ልጅ ምላሱ ማር ነው። «ሁለት ዓመት ዋስትና አለው፣ አንተ ብቻ ንዳው» አለኝ። ከፈልኩ። የዋስትናውን ወረቀት ሳላነበው ፈረምኩ፤ ከቻርጀሩ ጋር በላስቲክ አሽገው ሰጡኝ። ሳልከፍተው መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ እኔ ለመልቀም ስምንት ወር ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ላይ ሻሸመኔ ደርሼ ስመለስ፣ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ባትሪው ይተርፈኝ ነበር። በሰባተኛው ወር እየቀነሰ መጣ። በስምንተኛው ጥቁር ውሃ ላይ ጣለኝ።

የኔ እጅ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። ሞተር ሳይክሌ ባለ 72 ቮልት ነው። ይህ ማለት ስድስት ባለ 12 ቮልት ደረቅ ባትሪዎች (ውሃ የማይጨመርባቸው የእርሳስ ባትሪዎች) በተከታታይ ተያይዘዋል። የባትሪውን ሳጥን ፈታሁና በቴስተር አንድ በአንድ ለካኋቸው። አምስቱ ከ12.8 በላይ ያሳያሉ። አንዷ 10.4 ላይ ቆማለች። በአንድ ባትሪ ውስጥ ስድስት ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ሁለት ቮልት ያህል ነው። ሁለት ቮልት ጎደለ ማለት አንዱ ክፍል ሞቷል። በተከታታይ ስለተያያዙ ደግሞ የአንዷ ድካም አምስቱንም ይጎትታል። ጥፋቱን አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ፤ ባትሪዬን ይቀይሩልኛል ብዬ በማግስቱ ሱቅ ሄድኩ።

ልጁ ባትሪዋን ዞር ብሎም አላያት። ያየው ቡሎኑን ነው። ቡሎኑ ላይ የጥፍር ታህል ስቲከር ነበረች፤ እኔ ስፈታ ተቀድዳለች። «ተከፍቷል» አለኝ። በቃ። «የከፈትኩት እኮ ችግሩን ላሳያችሁ ብዬ ነው» ብል ማን ሰምቶኝ!

ቤት ገብቼ ወረቀቱን ያኔ አነበብኩት። ሁለት ዓመት የተባለው የኋላ ጎማው ውስጥ ላለው ሞተር ብቻ ነው። ለኮንትሮለሩ (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል ለሚቆጣጠረው ሳጥን) እና ለባትሪው አንድ ዓመት። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጎማ ውስጥ ያለው ሞተር የሚፋተግ ነገር ብዙም የለውም፤ ኩሽኔታው ካልሆነ በቀር ቶሎ አይበላሽም። ቀድሞ የሚደክመው ባትሪው ነው። ረጅሙን ዋስትና የሰጡን ቶሎ ለማይበላሸው ነው ማለት ነው። ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌላ መስመር አለ፤ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ «በተፈቀደለት ማዕከል» ሰርቪስ ያላደረገ ዋስትናው ይቋረጣል ይላል። ማዕከሉ የት ነው? አዲስ አበባ። ከሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለፍሬን ማጥበቂያ ሞተር ሳይክሌን አይሱዙ ላይ ጭኜ አዲስ አበባ ልሂድ?

ስድስቱንም ባትሪ በራሴ ኪስ ቀየርኩ። አንዷን ብቻ ብቀይር አሮጌዎቹ አዲሷን ይዘዋት ይወርዳሉ። ስንት እንዳወጣሁ እዚህ አልጽፍም፣ ባለቤቴ ታነበዋለች።

አሁን ልትገዙ ያላችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀቱን ከላስቲኩ አውጡት። ባትሪ፣ ኮንትሮለርና ሞተር ለየብቻ ስንት ስንት ወር እንዳላቸው ጠይቁ። ሰርቪሱ ሀዋሳ ላይ ከሌለ «ሌላ ቦታ ባሠራ ዋስትናው አይቋረጥም» የሚል መስመር በእጅ አስጽፋችሁ ማህተም አስመቱበት። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ። «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» ካለም እንዳትሞኙ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስቀየር ወይም ብራችሁን ማስመለስ ትችላላችሁ ይላል፤ ይህ ግን ደረሰኝ ላለው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንደ ሙሽራ አትንከባከቡት። ሻሸመኔ ድረስ ውሰዱት፣ ሰው አፈናጡበት፣ ወደ አላሙራ ዳገት አውጡት። የሚታመም ከሆነ ያኔ ይታመም።

የገዛችሁ ደግሞ በእጃችሁ መሥራት የምትችሉት ብዙ አለ። ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው። የኔ ወረቀት የፍሬን ሸራን፣ ጎማንና አምፖልን «አላቂ ዕቃ» ብሎ ከመጀመሪያውም ከዋስትናው አውጥቷቸዋል። እነሱን ብነካ የሚቀርብኝ የለም። የናንተም እንዲህ የሚል ከሆነ ሸራውን ራሳችሁ ቀይሩ፣ የላላ ዳዶ አጥብቁ፣ ነፋስ ሙሉ። ብቻ ከመፍታታችሁ በፊትና ከገጠማችሁ በኋላ ኪሎ ሜትሩ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። የዕቃውን ደረሰኝም አትጣሉ።

የምፈራላችሁ ጎሚስታ ቤት ነው። የሞተሩ ወፍራም ገመድ የሚወጣው በኋላ ጎማው መሃል ባለው ዘንግ በኩል ነው። ጎሚስታው እንደ ተራ ጎማ መንቅሮ ካወጣው ገመዱ ይቆረጣል ወይም ይላጣል። ዘንጉ ላይ እንዳይዞር የምትይዘው ምላስ ያላት ቀለበትም አለች። እሷ ተረስታ ወይም ተገልብጣ ከተገጠመች፣ ነዳጅ ስትሰጡት ዘንጉ ራሱ ይዞርና ገመዱን ጠምዝዞ ይበጥሰዋል። (ነዳጅ አልኩ? ልማድ ነው፣ ይቅርታ።) ጎማችሁ ውስጡ ላስቲክ የሌለው ዓይነት ከሆነ ሳይፈታ ቀዳዳውን ብቻ አስደፍኑት። መፈታቱ ግድ ከሆነ ቀለበቶቹ በምን ቅደም ተከተል እንደነበሩ ፎቶ አንሱና አጠገቡ ቁሙ። ላቫጆም ሲወስዱት ያንን ኃይለኛ ውሃ ኮንትሮለሩና ሶኬቶቹ ላይ አታስደርጉት።

ቻርጀር ሲበላሽባችሁም «72» የሚለውን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ለደረቅ ባትሪ የተሠራው እስከ 88 ቮልት ገደማ ይሞላል። ሃያ ክፍል ያለው የሊትየም ባትሪ ግን 84 ላይ መቆም አለበት። የደረቁን ለሊትየም ብትሰኩት ዋስትናው ቀርቶ ቤታችሁም ያሰጋኛል።

ባትሪው ደከመ ብላችሁ ስትጠረጥሩ ደግሞ እንደኔ አትክፈቱ። ሙሉ ቻርጅ አድርጉት፣ አንድ ሰዓት ያህል ይረፍ፣ ከዚያ ዳሽቦርዱን በስልክ እየቀረጻችሁ ዳገት ላይ ንዱት። ቮልቱ ከ76 አካባቢ ተነስቶ ወደ 62 ዝቅ ካለና ስትለቁት ወዲያው ከተመለሰ፣ ከስድስቱ አንዷ ደክማለች ብላችሁ ጠርጥሩ። ቪዲዮውን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። ራሳቸው ይፍቱት፣ እናንተ እየቀረጻችሁ።

ያቺ 10.4 ያለችው ባትሪ አሁንም በረንዳዬ ላይ ናት። አቤቱታዬን ይዤ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ዋስትናውን ሲሰጡህ አንብበህ ነው የፈረምከው?» ብለው ነው። ፊርማዬ ከታች አለ፣ በራሴ እጅ፣ ከነቀኑ።