ስለ ጊዜ ሎጂክና ስለ አልጀብራዊ ሎጂክ የተዘጋጀ የቪዲዮ ኮርስ፦ ግምገማ

ይህን ኮርስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ፤ የሎጂክ መሠረት ላለው ተማሪ ያለማመንታት እመክረዋለሁ።

የጊዜ ሎጂክ (እንደ «ሁልጊዜ» እና «ወደፊት» ያሉ የጊዜ አባባሎችን የሚያካትት ሎጂክ) ክፍሉ አጭር ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ አሚር ፕኑኤሊ በ1977 ይህን ሎጂክ ለፕሮግራሞች ማረጋገጫ እንዳቀረበው ካስታወሰ በኋላ፣ የመስመራዊ ጊዜ ቀመር እውን ሊሆን መቻሉን የሚወስን አልጎሪዝም እንዳለ፣ ነገር ግን ችግሩ ፒስፔስ-ሙሉ (በፖሊኖሚያል መጠን ማህደረ ትውስታ ከሚፈቱት ችግሮች ከከባዶቹ አንዱ) እንደሆነ ያስረዳል።

ዋናው ሀብት ያለው በውክልና ክፍሉ ነው። የሒሳብ ሊቁ ስቶን በ1936 ማንኛውም የቡል አልጀብራ («እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» የሚሉትን ስሌቶች የያዘ ሥርዓት) በስብስቦች አልጀብራ እንደሚወከል፣ ማለትም አባላቱ እንደ እውነተኛ ስብስቦች ሊታዩ እንደሚችሉ፣ አረጋግጦ ነበርና፣ ለዝምድና አልጀብራም (በነገሮች መካከል ያሉ ዝምድናዎችን ለሚያሰላው ሥርዓት) ተመሳሳይ ውጤት መጠበቅ ተገቢ ይመስላል፤ ሆኖም ሊንደን በ1950 የማይወከል አልጀብራ አገኘ፣ ሞንክም በ1964 የሚወከሉትን በውሱን የአክሲየም ዝርዝር መለየት እንደማይቻል አረጋገጠ። መምህሩ ባለ 16 አባላቱን የመኬንዚ አልጀብራ (ከማይወከሉት ትንንሾቹ አንዱን) በሰሌዳ ላይ ደረጃ በደረጃ ሲመረምረው፣ ውክልና የሚከሽፍበትን ቦታ በዓይን ማየት ይቻላል። ከዚያም ውክልናን አንዱ ተጫዋች እንከን የሚፈልግበት፣ ሌላው የሚያርምበት የሁለት ሰዎች ጨዋታ አድርጎ ይገልጸዋል፤ በዚህም መንገድ የንጣፍ ድርደራን ችግር (የተሰጡ ንጣፎች ጠርዛቸው እየተገጣጠመ ወለልን መሸፈን ይችሉ እንደሆነ የሚጠይቀውን) ወደ አልጀብራ በመለወጥ፣ አንድ ውሱን የዝምድና አልጀብራ ይወከል እንደሆነ ሁልጊዜ የሚወስን አልጎሪዝም እንደሌለ የሚያሳየውን የሂርሽና የሆድኪንሰንን የ2001 ውጤት ያብራራል። እንዲህ ጠርቶ ሲቀርብ ሰምቼ አላውቅም።

ቅር ያሰኘኝ መልመጃዎቹ መልስ የሌላቸው መሆኑ ነው፤ በተለይ በጨዋታው ክፍል፣ ብቻውን የሚያጠና ሰው ስህተቱን የሚያርምበት መንገድ አያገኝም።