«ምጣድ እንዴት ታስሻለሽ?» ብሎ ለጠየቀኝ የኮምቦልቻ ባለሙያ

የተሳቢያችንን ማያያዣ ላበጀልን ሰው ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። የሰርግ ወቅት ሆኖ ፋታ አጣሁ። ዛሬ ግን ሳልጽፍ አላድርም። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ ያላችሁ፣ ከመኪናችሁ ኋላ ተሳቢ የምትጎትቱ ሁሉ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ለማታውቁኝ፣ ደሴ ላይ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አከራያለሁ። ሥራው የእናቴ ነው። በ20 የእንጨት ወንበርና በ3 ብረት ድስት ነው የጀመረችው። ያኔ ዕቃው የሚመላለሰው በጋሪ ነበር። ጋሪ ሲጠፋ እኛ ልጆቿ ድስቱን ተሸክመን ዳገቱን እንወጣለን። ደሴን የሚያውቅ ዳገቷን ያውቃል። ዛሬ አንድ ፒካፕና አንዲት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ አለን። ወንድሜ ይነዳል፣ እኔ አብሬው እሄዳለሁ። ተሳቢዋ ላይ 150 የፕላስቲክ ወንበር፣ የድንኳን ብረትና ሸራ እንጭናለን።

ተሳቢዋን ከፒካፑ ጋር የሚያያይዛት ጋንቾ ነው። ከፒካፑ ኋላ የብረት ኳስ አለች። የተሳቢዋ አፍንጫ ደግሞ እንደ ኮፍያ ሆኖ ኳሷ ላይ ይገጠማል። ባለሙያዎች ምን እንደሚሉት እንጃ፣ እኔ ኮፍያ ነው የምለው።

ነገሩ በጩኸት ጀመረ። ወንድሜ መሪ ባዞረ ቁጥር ከኋላ ሲጥ ሲጥ ይላል። ጥርስ የሚያንገሸግሽ ድምፅ ነው። አንድ ጋራዥ ወሰድነው። ልጁ ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየውም። «ግሪስ ነው የጠማው» አለና እፍኝ ሙሉ አንስቶ ከላይ ለጠፈበት። ሂሳብ ተቀበለ፣ ሸኘን። ለአንድ ሳምንት ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ግን ከበፊቱ ብሶ ጮኸ።

ሁለተኛው ጋራዥ ሁለት ቀን አቆመብን። በዚያ ምክንያት አንድ ሰርግ አመለጠን፣ የሙሽራዋን እናት ስልክ ማንሳት እስኪያሳፍረኝ ድረስ። በመጨረሻ «ሙሉ በሙሉ ይቀየር» ብለው 28 ሺህ ብር ጠየቁን። ምኑ እንደተበላሸ ንገሩኝ ብል የሚመልሱት ለወንድሜ ነው። ጠያቂዋ እኔ፣ ከፋይዋ እኔ፣ መልሱ ለእሱ! ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንቀይርም ስንል ደግሞ የመቆለፊያዋን ፒን አጥፍተው መለሱልን።

ከዚያ ሐረጎ መጣ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን ያንን ጠመዝማዛ ታውቁታላችሁ። 25 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ መንገድ ከሙቀት ወደ ብርድ የምትወጡበት ነው። ማታ፣ ከሰርግ ስንመለስ፣ አንዱ ኩርባ ላይ ጓ! የሚል ድምፅ ሰማን። ፒካፑ ወደ ኋላ ተጎተተ። ተሳቢዋ ከኳሷ ወጥታለች። ሰንሰለቱ ያዛት። ያ ሰንሰለት ባይኖር ኖሮ ከነ 150 ወንበሯ ወደ ታች ትወርድ ነበር፣ ከታች ደግሞ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች ተከታትለው እየወጡ ነበር። ድንጋይ ጎማ ሥር ሳደርግ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም።

በነጋታው የሄድንበት ሦስተኛው ቦታ መፍትሔው ብየዳ ሆነ። መቆለፊያውን በየዱት። ከዚያ ወዲያ ተሳቢዋ ያለ መዶሻ አትፈታም፣ ጩኸቱም እንዳለ ነው። እኔም ተስፋ ቆርጬ ተሳቢዋን ልሸጣት አስቤ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ኮምቦልቻ ሰርግ አድርሰን ዕቃ እየጫንን ሳለ ከሐይቅ ተደወለ። ለቅሶ ነው። የቅሬው (የእድሩ) ሰዎች ድንኳን እስከ ማታ እንዲደርስላቸው ይፈልጋሉ። እናቴ አንድ ሕግ ነበራት፤ ሰርግ ቤት ብትዘገዪ ትወቀሻለሽ፣ ለቅሶ ቤት ግን አይዘገይም። ሰው በፀሐይና በዝናብ ቆሞ ማየት አትችልም ነበር። እሺ አልኩ። ወዲያው ግን ሐረጎ ትዝ አለኝ። ሐይቅ ለመድረስ መጀመሪያ ሐረጎን፣ ቀጥሎ ደሴን አልፎ ሌላ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ አለ። በዚያ ጋንቾ!

አንድ የጎሚስታ ልጅ ጭንቀቴን አይቶ «እኔ ላሳይሽ» አለና ወደ አንድ ቆርቆሮ ጥላ ወሰደን። እዚያ ጋሼን አገኘሁት። ስሜን አታንሺ ስላለኝ ጋሼ ብዬ ልለፈው። ዕድሜውን ሙሉ የከባድ መኪና ተሳቢ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ከዝሁር ሶላት ተመልሶ ምሳውን ሊቀርብ ነበር። ለቅሶ ቤት መሆኑን ስነግረው ምሳውን መልሶ ከደነው። «አብሽሪ ልጄ፣ እናየዋለን» አለ። ስንት ጋራዥ ዞሬ «እናየዋለን» ያለኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው።

አየውም። ብየዳውን ቆርጦ ኮፍያውን አነሳና እኔን ጠራኝ። ወንድሜን አይደለም፣ እኔን። «ጣትሽን አምጪ» አለ። ከኳሷ ላይ ያንን ጥቁር ግሪስ በጣቴ አስነክቶ «እሺ አሁን አሽው» አለኝ። በሁለት ጣቴ መካከል ሳሸው ይቆረቁራል። አሸዋ! «ይሄ ግሪስ አይደለም ልጄ፣ የብረት ሞረድ ነው። ባሮጌው ላይ አዲስ በተጨመረ ቁጥር አቧራውን ይዞ ኳሷን ይበላታል።»

ከዚያ ነው ያንን ጥያቄ የጠየቀኝ። «ምጣድ እንዴት ታስሻለሽ?»

መጀመሪያ እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ጎመን ዘር ጣል አድርጌ በማሰሻ አዳርሳለሁ፣ አልኩት። «ጎመን ዘሩን ሳትጠርጊ ትደራርቢያለሽ?» አይ። «እፍኝ ሙሉ ታፈሺበታለሽ?» አይ። «በቃ፣ ይሄም ምጣድ ነው» አለ። ወገኖቼ፣ ከዚያ ሁሉ ጋራዥ ያልገባኝ ነገር በአንድ ደቂቃ ገባኝ። ስድሳ ዓመት ያለፈው የብረት ሰው በኔው ሥራ፣ በኔው ቋንቋ አስረዳኝ። እኔ ለዚህ ነው የምጽፈው። እጁ የተባረከ ነው፣ አንደበቱ ግን ይበልጣል።

ኮፍያውን ውስጡን ድረስ በነጭ ጋዝ አጠበ። በጨርቅ አደረቀው። ኳሷን ሲለካት ፊቱ ተለወጠ። አዲስ ስትሆን 50 ሚሊ ሜትር ናት፣ ከ49 ከወረደች መጣል አለባት አለኝ። የኛዋ ወርዳ ነበር። ሐረጎ ላይ የወጣችው ለዚህ ነው። «ማነው በዚህ የሸኘሽ?» ብሎ ሲቆጣ አባቴ የተቆጣልኝ ያህል ተሰማኝ። ልኳን የጠበቀች ኳስ ከሳጥኑ አውጥቶ፣ ለክቶ አሳይቶኝ ገጠመ። መቆለፊያው ላይ ሌሎች ነገሮችም ሠራ፣ እነሱን አልገባኝምና አልዋሽም። በመጨረሻ ግሪሱን በቀጭኑ አሰሰው። እውነትም እንደ ምጣድ።

ሂሳብ ስጠይቀው የኳሷን ብቻ ተቀበለ። «ለለቅሶ ቤት በሚሄድ ዕቃ የእጄን አልቀበልም» አለ። ለመንኩት፣ እምቢ አለ።

ይህም አልበቃውም። «ሐረጎን አብሬያችሁ ልውጣ» ብሎ ፒካፑ ላይ ወጣ። እያንዳንዱ ኩርባ ላይ አንገቱን አውጥቶ ወደ ኋላ ያያል። ጩኸት የለም። ሁለት ቦታ አስቆመን፣ ወርዶ ኮፍያውን በመዳፉ ዳበሰው፣ ሰንሰለቱን ነካካው። ከላይ ስንደርስ ብርዱ ጀምሮ ነበር፣ እሱ በስስ ሸሚዝ ነው። «በሉ በሰላም ግቡ፣ ለሐዘንተኞቹ አላህ ያጽናችሁ በሉልኝ» አለና ታክሲ አስቁሞ ወደ ኮምቦልቻ ተመለሰ። የታክሲውን እንኳ አልተቀበለኝም። ምሳውን ሳይበላ እንደዋለ ትዝ ያለኝ መኪናው ውስጥ ሆኜ ነው። አለቀስኩ። ወንድሜም ዝም ብሎ ይነዳል።

ሐይቅ በሰዓታችን ደረስን። ድንኳኑ ሳይጨልም ቆመ።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ እኔ ራሴ ነኝ የማስሰው። አሮጌውን ሙልጭ አድርጌ በነጭ ጋዝ እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ቀጭን ግሪስ። ተሳቢዋ ስትፈታ ኳሷን ጋሼ ከተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ በሠራልን ክዳን እንሸፍናታለን፣ አቧራ እንዳይቀመጥባት። ሰንሰለቶቹን ከሥር አጠላልፈን ነው የምናስረው፤ ድንገት ብትወጣ አፍንጫዋ እነሱ ላይ እንድታርፍ። ከተነሳን ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ቆመን እንነካካለን። አንድ ነገር ግን አደራ ብሎኛል፣ እኔም አደራ እላችኋለሁ። አንዳንድ ጋንቾ ተሳቢው እንዳይወዛወዝ የሚይዝ፣ እንደ ፍሬን ሸራ ያለ ነገር በውስጡ አለው። እሱን ግሪስ አይነካውም፣ መያዙን ያጣል። ስለዚህ የኔን አንብባችሁ ዝም ብላችሁ አትቀቡ። ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

ደግሞ የሚያውቅ ሰው አለን! እዚሁ ወሎ፣ እዚሁ ኮምቦልቻ። የእህል ተሳቢ ያላችሁ፣ ጄኔሬተር የምትጎትቱ፣ እንደኔ ድንኳን የምታከራዩ፣ ሂዱ ለእሱ አሳዩ። ባይጮህም አሳዩ። እህቶቼ በተለይ እናንተ ሂዱ፣ ጥያቄያችሁን ለእናንተው ነው የሚመልሰው። በየጋራዡ የምትከፍሉትን ገንዘብ አታባክኑ፣ ሐረጎ ላይ እስክትደነግጡም አትጠብቁ።

ጋሼ፣ ይህን ልጆችህ ያነቡልሃል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። የሐይቆቹ ሐዘንተኞች መልእክትህ ደርሷቸው መርቀውሃል። በሚቀጥለው ኮምቦልቻ ስወርድ ምሳ ይዤ ነው የምመጣው፣ ያቺን ቀን የከደንካትን ምሳ።

ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። አርብ ከሰዓት ግን አትሂዱ፣ ጁምዓ ነው፣ አይሠራም።