በላስቲክ የታሸገውን ልብ ወለድ ሳትከፍቱ እንዳትገዙ

ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ለገሃር ባለው መንገድ መጽሐፍ የምትገዙ ሰዎች፣ ይቺን አንብቡልኝ። ሰሞኑን አንድ የውጭ ልብ ወለድ በቴሌግራም እየታዘዘ በድብቅ ይሸጣል። የጌይ ፍቅር ታሪክ ነው፤ ፍቅረኛው የሞተበት ሰው ከዓመታት በኋላ እንደገና ሲወድ የሚያሳይ። ዋጋው 900 ብር ነው። ርዕሱን አልጽፍም፤ ደራሲው ምን አጠፋ?

በቴሌብር ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ቴአትር ቤቱ አካባቢ ትገናኛላችሁ። ሻጩ ልጅ ክንዱ ላይ ከደረደራቸው መጻሕፍት ሳይሆን ከቦርሳው ያወጣዋል። በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ታሽጓል። «እህቴ፣ እዚህ እንዳትከፍቺው፤ ሰው ያይሻል» አለኝ። አሳቢነቱ!

የመጀመሪያዎቹ 40 ገጾች ትክክለኛው መጽሐፍ ናቸው። ጥሩም ናቸው፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ሰውየው በፍቅረኛው ቀብር ላይ ከሁሉም ኋላ ቆሟል። የሟች ዘመዶች «ጓደኛው ነበር» ብለው ያልፉታል። እግዜር ያጽናህ የሚለው አንድ ሰው የለም። ለአርባ፣ ለሙት ዓመት ድንኳን ጥለን ሰው ለምንሰበስብ ለእኛ፣ ሀዘንተኛነቱ ያልታወቀለት ሰው ነገር ሆድ ያባባል። ከዚያ የሟቹን ቁም ሳጥን ሊከፍት እጁን ይዘረጋል። ገጹን ገለጥ ሳደርገው ስለ ቁጠባ ያወራል። የወጪ ሠንጠረዥ፣ የባንክ ወለድ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ።

ዘዴው ቀላል ነው። የዲጂታል መጽሐፍ መደብሮች ገዢ ቀምሶ እንዲወስን የመጀመሪያዎቹን ገጾች በነጻ ያስነብባሉ። እነዚህ ሰዎች ያንን የነጻ ናሙና ፕሪንት ያደርጉና ለውፍረቱ የሌላ መጽሐፍ ኮፒ ጨምረው በኮላ ይጠርዙታል። የኔው 40ኛ ገጽ ግርጌ ላይ «ናሙናው እዚህ ያበቃል» የሚለው የእንግሊዝኛ መስመር ግማሹ በመቁረጫ ተበልቶ ይታያል።

ለምን ይህን መጽሐፍ መረጡ? ገዢው አፍ አውጥቶ እንደማይከስ ስለሚያውቁ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ያስቀጣል። ቤተሰብ አለ፣ ጎረቤት አለ። «ምን መጽሐፍ ገዝተሽ ነው?» ሲባል ማን ደፍሮ ይመልሳል? ገንዘቤን መልስ ብዬ ስጽፍለት በስሜ ጠራኝ፤ የአባቴን ስም ጨምሮ። «ዝም ብትዪ ይሻልሻል» አለኝ። ቴሌብር ስትልኩ ስማችሁ ለተቀባዩ ይደርሰዋል። ከ900 ብሩ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስቀየር ወይም ገንዘብ ማስመለስ ይቻላል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው የየሱቁ ማስታወቂያ ይህን አይሽረውም። ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል። ሱቅም ደረሰኝም የሌለው ልጅ ላይ አዋጁን ብትጠቅሱለት ይስቅባችኋል።

ስለዚህ ለማታውቁት ሻጭ ቀድማችሁ አትላኩ። በተለይ ሌላ ሰው እንዲያውቅባችሁ ለማትፈልጉት ነገር፣ ጥሬ ብር ይሻላል። ከጀርባ ባርኮዱ ጋ በ978 ወይም በ979 የሚጀምር 13 አሃዝ ቁጥር አለ። ስልካችሁ ላይ ስትፈልጉት የመጽሐፉን ገጽ ብዛት ታገኛላችሁ። የኔው ሽፋኑ ኮፒ ስለሆነ ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የገጹ ብዛት ግን ጨርሶ አይገጥምም። መሃሉንና መጨረሻውን ገለጥ አድርጉ፤ የገጸ ባሕርያቱ ስም እዚያም አለ ወይ? ፊደሉ፣ የወረቀቱ ቀለም አንድ ነው? ናሙናውን ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ደግሞ በስልካችሁ በነጻ ይገኛል።

የቴሌግራም ቻናሉ አሁን ስሙን ቀይሯል። ርክክቡም ወደ አምባሳደር በኩል ዞሯል አሉ። ልጁን ካገኛችሁት ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ላስቲኩን እዚያው ፊቱ ቅደዱት። እምቢ ካለ ትታችሁት ሂዱ።