ጅማ ላይ በስልክ የሚሸጥ «የድምፅ አስጎብኚ» ልትገዙ ከሆነ ብር ከመላካችሁ በፊት

ከጅማው መርካቶ ተነስቶ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ፣ 5 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁሉን ያካተተ እየተባለ በቴሌግራም የሚሸጥ የድምፅ ጉብኝት (በእግር እየሄዳችሁ በስልክ የምታዳምጡት የተቀዳ ትረካ) ካጋጠማችሁ እዚያው ላይ ተዉት። ቤተ መንግሥቱ ያለው ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። ከከተማው መሃል ወደ 7 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ መጨረሻውም ዳገት ነው። ሜዳ ላይ በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው አንድም ቦታ ሳይቆም እንኳ ወደ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል፤ መመለሻው ገና አልተቆጠረም። ይህን የጻፈ ሻጭ ወይ መንገዱን በእግሩ አልሄደበትም፣ ወይ መሃል ላይ ባጃጅ ትይዛላችሁ ብሎ አስቦ ሳይነግራችሁ ቀርቷል። ሁለተኛው ከሆነ የባጃጁ ኮንትራት ከኪሳችሁ ነው። የመግቢያ ትኬቱም በር ላይ ይቆረጣል። «ሁሉን ያካተተ» የተባለው ጥቅል እንግዲህ የድምፅ ፋይል ብቻ ነው።

ቀጥሎ የፋይሉን መጠን እዩ። ሰው የሚያወራበት ድምፅ በመካከለኛ ጥራት (64 ኪሎ ቢት በሰከንድ) ሲቀዳ በደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ በ128 ከሆነ ደግሞ አንድ ሜጋባይት ገደማ። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ተኩል ትረካ ከ43 እስከ 86 ሜጋባይት መሆን አለበት። የተላከላችሁ 18 ሜጋባይት ከሆነ በውስጡ ያለው ወይ አርባ ደቂቃ የማይሞላ ወሬ ነው፣ ወይ ገበያ መሃል የማይሰማ የታፈነ ድምፅ። ቴሌግራም ላይ የድምፁ ርዝመት ከስሙ ሥር ስለሚታይ ሻጩን ከመክፈላችሁ በፊት የዝርዝሩን ስክሪንሾት ጠይቁት። አልልክም ካለ መልሱን ነግሯችኋል።

ናሙና ሲልክላችሁ መግቢያውን አትቀበሉ፤ ክራርና እንኳን ደህና መጣችሁ የማይችል የለም። ከመሃል የአንድ ማቆሚያ፣ ማለትም ቆማችሁ የምታዳምጡበት ቦታ፣ ትረካ ይላክላችሁና የዓመተ ምህረቱን ነገር አዳምጡ። ብዙዎቹ ከዚህም ከዚያም ለቅመው የእኛንና የፈረንጁን አቆጣጠር ይቀላቅላሉ። ዳግማዊ አባ ጅፋር የነገሡት በፈረንጅ 1878 ሲሆን ዘመናቸው ያበቃው በ1932 ነው፤ በእኛ ሲታሰብ 1920ዎቹ አጋማሽ ላይ ይወድቃል። የጣሊያን ወረራ ደግሞ በእኛ 1928 ነው። ተራኪው ሁለቱንም ያለ ማብራሪያ ካነበበ ንጉሡ ጣሊያን ከገባ በኋላ አራት ዓመት ገዝተው ያረፉ ይመስላል። ሁለተኛው የተለመደ ጥፋት ሁለቱን አባ ጅፋሮች አንድ ማድረግ ነው። መንግሥቱን በፈረንጅ 1830 አካባቢ ያቆሙት ቀዳማዊው ናቸው፤ ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው የቆዩት፣ ሰው ሁሉ ቤተ መንግሥታቸውን የሚያየው ዳግማዊው ናቸው። እነዚህን ሁለት ሰዎች ያልለየ ትረካ ሌላውን ለይቶ ይነግረናል ብላችሁ አትጠብቁ። በማሽን የተነበበ ከሆነም ወዲያው ይታወቃል፤ ማጥበቅና ማላላት አያውቅምና የሰፈሩን ስም ሁሉ የሌላ አገር ያደርገዋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ስልኬ ተበላሽቶ ነው ብሎ ዝም ወደሚለው። ቦታው ላይ ስትደርሱ ራሱ የሚጀምረው ዓይነት በጂፒኤስ ነው የሚሠራው። ሠሪው በየማቆሚያው ዙሪያ ክብ ያሰምራል፤ ስልኩ ክቡ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይነሳል። ስልክ ገላጣ ቦታ ላይ 5 ሜትር ያህል ይሳሳታል፤ ፎቅ ጥግ ወይም መርካቶ ውስጥ ባለው ጠባብ የቆርቆሮ መተላለፊያ ግን 20 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊዘል ይችላል። ክቡ ጠባብ ከሆነ እናንተ ቆማችሁበት እያለ ድምፁ አይመጣም። ሰፊ ከሆነ ደግሞ ጎረቤት ማቆሚያዎች ይደራረባሉ። ጅሬን ግቢ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል፤ ቤተ መንግሥቱና መስጊዱ አጠገብ ላጠገብ ስለሆኑ ፊታችሁን ወደ እንጨት ሥራው አዙራችሁ ስለ መስጊዱ ትሰማላችሁ። ደህና ሠሪ ለዚህ መድኃኒት አለው፦ በየማቆሚያው ቁጥር ይሰጥና በእጅ ተጭኖ መክፈትም ያስችላል። ይህ ቁልፍ የሌለውን አትግዙ።

ሌላው የባትሪ ቁጠባ ነው። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አንዳንድ ሳምሰንግ ስልኮች ስክሪኑ ሲጠፋ ከጀርባ የሚሠራውን መተግበሪያ ይገድላሉ፤ ሎኬሽኑ ይቆማል፣ ሁለተኛው ትረካ አይመጣም። ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ የመተግበሪያውን ባትሪ አጠቃቀም ያልተገደበ አድርጉት፤ ይህን ካደረጋችሁ ቻርጅ ቶሎ ስለሚያልቅ ፓወር ባንክ ያዙ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል የተባላችሁትንም ከቤት ሳትወጡ ፈትኑት። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ሎኬሽን ብቻ ክፈቱ። ጂፒኤስ ከሳተላይት ስለሚቀበል ዳታ አይፈልግም፤ ስለዚህ ካርታው ባዶ ግራጫ ከሆነ ካርታው አልተጫነም ማለት ነው፣ መንገድ ላይ ፓኬጃችሁን እየበላ ነው የሚሄደው።

መንገዱ መቼ እንደተቀዳም ጠይቁ። ጅማ ኮሪደር ልማት ከገባባት ወዲህ አወቱ ወንዝ ዳርም ሆነ ዋናው ጎዳና ድሮ እንደነበረው አይደለም። «ሰማያዊው ሱቅ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ» የሚል አሮጌ ቅጂ ሱቁ በሌለበት ያቆማችኋል። የማይነሳ ምልክት፣ ማለትም ድልድይ፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ አደባባይ እየጠራ የሚመራ ትረካ ዕድሜው ይረዝማል።

ሐሙስ ግን ማዳመጫውን ተዉት። የጅማው መርካቶ ያለባት ሒርማታ ከጥንት ጀምሮ የሐሙስ ገበያ ናት፤ ለማየት ከሐሙስ የተሻለ ቀን የለም፣ ለመስማት ግን ከሐሙስ የባሰ ቀን የለም። ጋሪ ከኋላ ሲመጣ «ዞር በል» የሚለውን ካልሰማችሁ አደጋ ነው፤ ሁለት ጆሮ የተደፈነበት ሰው ደግሞ የኪስ አውላቂ ዓይን ውስጥ ይገባል። የግድ ከሆነ አንዱን ጆሮ ብቻ ስኩ፣ ስልኩንም ፊት ኪስ አድርጉ።

«የቡና ማረፊያ» እና «የባህል ዕቃ ማቆሚያ» የሚሉ ማቆሚያዎችን ቁጠሯቸው። ከአሥራ ሁለት ማቆሚያ አራቱ ሱቅ ከሆኑ ማስታወቂያ ለመስማት ከፍላችኋል። የጅማ በርጩማ ድንቅ ነገር ነው፤ ለመግዛት ግን ተራኪ አያስፈልግም።

ከተማዋን በእግር ማየት ለሚፈልግ የሚያዋጣው ጉዞውን ለሁለት መከፋፈል ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፈረንጅ አራዳ ከሚባለው ሰፈር ጀምሩ፤ የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎችን አይታችሁ፣ አወቱን ተሻግራችሁ ወደ ሒርማታ መርካቶ ውጡ። የንጉሡን ዕቃዎች የያዘው የጅማ ሙዚየም በዚያው ቀን ይታያል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ እንዳትደርሱ። ጅሬንን ለብቻው ያዙትና በባጃጅ ወጥታችሁ በእግር ውረዱ። እዚያው ያለ አስጎብኚ ጥያቄ ትጠይቁታላችሁ፣ ይመልሳል። አርብ በጁምዓ ሰዓት ግን መስጊዱ ዙሪያ ለጉብኝት አይሆንም። በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ስለማይታመን ጭቃ የሚችል ጫማ አድርጉ።

ቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነ የቴሌብሩን መልእክት ከነግብይት ቁጥሩ አታጥፉ፤ ማስታወቂያውንና የተላከላችሁን ፋይል ዝርዝር በስክሪንሾት ያዙ፣ ሻጩ ቻናሉን ሊያጠፋው ይችላል። ገንዘቡ የተላከው ወደ ነጋዴ መለያ ነው ወይስ ወደ ግለሰብ ስልክ የሚለውን ለዩ፤ ወደ ግለሰብ በፈቃዳችሁ የላካችሁትን ማስመለስ ከባድ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ስታመለክቱ «አልወደድኩትም» አትበሉ፤ «90 ደቂቃ ተብሎ 37 ደቂቃ ተላከልኝ» ብላችሁ ማስረጃውን አያይዙ።