ዝግ ፖኬት የሚያወጣ የሲኤንሲ ወርክሾፕ በኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት አላጣችም። ከደሴ ሥራ ይዞ የሚወርድ ሰው የሚቸገረው ዝግ ፖኬት (ዙሪያው በግድግዳ የተዘጋ ጎድጓዳ) በልበ ሙሉነት የሚሰጠው ወርክሾፕ ሲፈልግ ነው። ይህኛው ባለ ሦስት አክሲስ (በሦስት አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ) ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚመራ የመቁረጫ ማሽን ያለው ትንሽ ቤት ነው። የታዘዘው በ6061 አሉሚኒየም ላይ 80 በ50 ሚሜ፣ ጥልቀቱ 25 ሚሜ፣ የማዕዘኑ ሬዲየስ 6 ሚሜ የሆነ የሞልድ ፖኬት ነበር።

የሚመሰገኑት መቁረጫውን ወደ ብረቱ በሚያስገቡበት መንገድ ነው። ዝግ ፖኬት በጎን መግቢያ የለውም። እንድ ሚልን (በጎኑም የሚቆርጥ ባለ ጥርስ መቁረጫ) እንደ ትራፓኖ ቀጥ አድርጎ ማውረድ ደግሞ ሊሰብረው ይችላል፤ መሃሉ ፍጥነት ስለሌለው ከመቁረጥ ይልቅ ይጫናል፣ ቺፑም (ተቆርጦ የሚወጣው ፍቅፋቂ) መውጫ ያጣል። እነሱ በ10 ሚሜ ባለ ሦስት ጥርስ ካርባይድ እየዞሩ ይወርዳሉ፦ መሃሉ የሚሄድበት ክብ 6 ሚሜ፣ የሚከፈተው ቀዳዳ 16 ሚሜ። ክቡ ከ10 ሚሜ ቢበልጥ መሃል ላይ ያልተቆረጠ እንብርት ይቀር ነበር። በ2 ዲግሪ ቁልቁለት በአንድ ዙር 0.66 ሚሜ ገደማ ይወርዳል። ከዚያ በ6000 ዙር፣ በደቂቃ 900 ሚሜ ይሄዳል፤ ለአንድ ጥርስ 0.05 ሚሜ ስለሚደርሰው ለአሉሚኒየም ጥሩ ልክ ነው።

ማዕዘኑንም በ12 ሚሜ አልሞከሩትም። ሬዲየሱ ከማዕዘኑ ጋር ልክክ ያለ እንድ ሚል ማዕዘን ላይ በድንገት ብዙ ብረት ስለሚነክስ ይንቀጠቀጣል። 10 ሚሜው ግን እየዞረ ያልፋል። ግድግዳው ላይ የተዉትን 0.2 ሚሜ በመጨረሻ በአንድ ዙር ስላነሱት ጥፍር የሚይዝ መስመር የለበትም።

ድክመታቸው ቺፕ ማውጣት ላይ ነው። የአየር ቱቦው ባንድ በኩል ብቻ ስለተተከለ ከ15 ሚሜ በታች ቺፑ በተቃራኒው ማዕዘን ይከማቻል። ጥርሱ ያንኑ መልሶ ሲቆርጥ አሉሚኒየሙ ይጣበቅበታል፣ ወለሉም ይጫጫራል። በየ5 ሚሜው ኤም00 (ማሽኑን ለጊዜው የሚያቆም ትእዛዝ) አስገብተው እንዲያጸዱ ጠይቁ፤ ያደርጉታል።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እንድ ሚሉ ፖኬቱ ውስጥ ስለሚቀር መጀመሪያ ዜድ (ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው አክሲስ) ብቻ ቀጥ ብሎ መነሳት አለበት፤ ከዚያ ዜሮው (የመለኪያው መነሻ ነጥብ) ተረጋግጦ ከንብርብሩ መግቢያ ይጀመራል እንጂ ከተቋረጠበት መስመር አይቀጠልም።

ድሮዊንጉ ላይ 3 ሚሜ ሬዲየስ ከጻፋችሁ ለዚያው 25 ሚሜ ጥልቀት 5 ሚሜ እንድ ሚል ያስፈልጋል። ርዝመቱ ሳይቀየር ውፍረቱ ከ10 ሚሜ በግማሽ ሲቀንስ መታጠፉ አሥራ ስድስት እጥፍ ስለሚሆን ቀስ ብሎ መሄድ ግድ ነው፤ ክፍያው ደግሞ በማሽን ሰዓት ነው። የሚገጠመው ዕቃ ካልከለከለ 6 ሚሜውን አትንኩት።